ሞተሩ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በዚህች የበረሃ ከተማ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህም «ሞተሩ ነው አሉኝ» የሚል ስልክ ሲደወል ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይደነግጣል። አንዱ «አስጠግኚው» ይላል። ሌላው «ጣይውና አዲስ አውጪ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሚያውቀው ርካሽ መካኒክ አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የቆመ መኪናም አማካሪ ይበዛበታል። እኔም ከነዚህ አማካሪዎች አንዱ ሆኜ ሰንብቼ ነበርና ያየነውንና ቁጭ ብለን ያሰላነውን፣ ነገ እንዲህ ያለ ስልክ ለሚደርሰው ወገን ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ባለጉዳይዋ እዚሁ ዳውንታውን ላስ ቬጋስ የምትኖር እህታችን ናት። ስሟ ለነገራችን አያስፈልግም። በፍሪሞንት ጎዳና ካሉት ሆቴሎች በአንዱ መኝታ ክፍል ታጸዳለች፤ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅም ታሳድጋለች። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ሁለታችንም የድሬዳዋ ልጆች በመሆናችን ግን «ጋሼ» ትለኛለች፣ እኔም እንደ ታናሽ እህቴ አያታለሁ። መኪናዋ የ2010 ቶዮታ ኮሮላ ነው። የሰጣት ወንድሟ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ቀንና ሌሊት ምግብ ሲያደርስበት ቆይቶ፣ ሌላ ስቴት ሥራ ሲያገኝ ቁልፉን ለእህቱ አስረክቦ ሄደ። የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም ተብሎ ነው መሰል ማንም አልመረመረውም። ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ የሚናገር አንዲት ደረሰኝ እንኳ በመኪናው ውስጥ አልተገኘችም።

ከተረከበች አምስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ከሥራ ስትመለስ ከመሪው ፊት ያለችው ጀበና የምትመስል ቀይ መብራት በራች። ወዲያውም ከሞተሩ ውስጥ ቡና የሚወቅጥ ሰው ያለ ይመስል ድው ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ብልህ ናትና ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች፤ ደግማም አላስነሳችውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ኋላ የምናነሳው የመኪናው የመሸጫ ዋጋ የተገኘው ከዚህች ውሳኔ ነው።

በእጇ 4,300 ዶላር ነበራት። ለመኪና የተቀመጠ ግን አልነበረም። እናቷን ካየች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እናትየው ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሄደ፣ ለገና ልጇን ይዛ ሄዳ ልታሳክማቸው ትኬት ለመቁረጥ ተዘጋጅታ ነበር። የልጅ ልጃቸውንም ከፎቶግራፍ በቀር አይተውት አያውቁም። እንግዲህ የሞተሩ ጥያቄ የመጣው በዚህ ገንዘብ ላይ ነው።

በሽታው ሳይታወቅ

መኪናው መጀመሪያ የተጎተተበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ድምፁን ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰምቶ፣ «ሞተሩ ሞቷል፤ ሙሉ ሞተር ያስፈልጋል» ብሎ ዋጋ ጻፈ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያንኳኳ ሞተር ሁሉ አንድ በሽታ የለበትም። የላላ ሰንሰለትም ያንኳኳል፣ ዘይት ያጠረው ባልቦላም ያንኳኳል፤ የአንዱ መድኃኒት በመቶ፣ የሌላው በሺህ ዶላር ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛ ጋራዥ አስጎትተን ወሰድነው፤ ለምርመራ ብቻ 180 ዶላር ከፈለች። ብዙ ወገኖቻችን ለምርመራ የሚከፈል ገንዘብ በከንቱ የወጣ ይመስላቸዋል። ከዚህ ሁሉ ወጪ ግን እጅግ የጠቀማት ይኸው ነው።

ሁለተኛው መካኒክ የሠራው ሦስት ነገር ነው። የግፊት መለኪያ ሰክቶ ትክክለኛውን የዘይት ግፊት አነበበ። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለካ። ቀጥሎም ዘይቱን አፍስሶ፣ የዘይቱን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጦ ከፈተው። ከፊልትሮው እጥፋት ውስጥ የወጣው ነገር እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ብሮንዚናው ተበልቷል ማለት ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ዘይት ሞተሩን ከማለስለስ ሌላ ሙቀት ይሸከማል፣ ቆሻሻም ያጥባል። በጊዜው ካልተለወጠ እያረጀ ይወፍርና እንደ ሬንጅ ያለ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ፓምፑ የሚስበውን ያጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ኮሎውን አቅፎ የያዘው ለስላሳው ብሮንዚና ያለ ዘይት ብረት ለብረት ይፋተጋል። ያቺ ጀበና መሳይ መብራት የምትበራው ነገሩ እዚህ ሲደርስ ነው። ዘይቱ መጉደል ሲጀምር አትናገርም፤ ግፊቱ ከወደቀ በኋላ የምትመጣ መርዶ ነጋሪ ናት። መርዶ ሰምቶ ሠላሳ ማይል የነዳ ሰው ሞተሩ ነክሶ ቢቀርበት አይገርምም።

ወንድምየው በስልክ «መኪናው እኮ ያን ያህል ማይል አልሄደም» ብሎ ተከራከረ። እዚህ ላይ የከተማችን ሾፌሮች ሁሉ ጆሮ ይስጡኝ። ምግብ አድራሽም ሆነ ታክሲ ነጂ በዚህ ሙቀት ኤሲውን ከፍቶ ደንበኛ ሲጠብቅ ሞተሩ ይሠራል፤ ማይል ቆጣሪው ግን አይንቀሳቀስም። የፎርድ ኩባንያ ለፖሊስ መኪኖቹ ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰዓት ቆሞ የሠራ ሞተር 33 ማይል እንደተነዳ ይቆጠራል። በዚህ ሂሳብ በቀን ሦስት ሰዓት ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም ሰው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ፣ ቆጣሪው የማያየው ወደ 600 ማይል ይጨመርበታል። በሁለት ወር ወደ 5,000 ማይል ይጠጋል። ይህ እንግዲህ ቆሞ ብቻ ነው፤ የተነዳው ለብቻው ይቆጠራል። «አልነዳሁትም» የሚለው መከራከሪያ ለማይል ቆጣሪው እንጂ ለዘይቱ አይሠራም።

ድሬዳዋና ላስ ቬጋስ

በሽታው ከታወቀ በኋላ ልቤ ያደላው ወደ ጥገናው ነበር። አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠራ ሰው ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ነውና የባቡር ልጅ ናት። በዚያ ወርክሾፕ መለዋወጫ ሲጠፋ እዚያው ይቀረጽ ነበር እንጂ «አይሠራም» ተብሎ ሞተር ሲጣል አላየሁም። አዲስ አበባም ብትሄዱ ያው ነው። የቮልስ ሞተር የሚታሰረው በአራት ብሎን ስለሆነ፣ ጠዋት አውርዶ ከሰዓት በኋላ የሚሰቅል ባለሙያ ሞልቷል። ኮሎው ቶርኖ ቤት ተልኮ ይላጋል፣ ብሮንዚናውና ፋሻው ከሶማሌ ተራ ይገዛል፣ ሞተሩም እንደገና ይነሳል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፤ ጣልያን ከወጣ ከ1941 ጀምሮ ስንት ዘመን አለፈ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ የምንጠግነው በሱ ቃል ነው። ላስ ቬጋስ መካኒክ ፊት ቆሜ «ብሮንዚናው ነው» ብል ምናልባት የሚሰማኝ ጣልያናዊ ካጋጠመኝ ብቻ ነው።

ይህ የጥገና ባህል አለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአገራችን ብረት ውድ ነው፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። ቀረጡ ተደራርቦበት ያገለገለ መኪና እንኳ ለብዙው ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ያለውን ሞተር አንድ ሳምንት ሙሉ ፈትቶ መጠገን እዚያ ትክክለኛ ሂሳብ ነው።

እዚህ አገር ሂሳቡ ተገልብጧል። የመካኒክ አንድ ሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ከኋላ ተመትቶ ከተጣለ መኪና የወጣ ደህና ሞተር ግን ጃንክ ያርድ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። አንድን ሞተር ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ቶርኖ ቤት ልኮ፣ መልሶ ለመግጠም የሚፈጀው ሰዓት ሌላውን ሞተር እንዳለ አንስቶ ከመስቀል በብዙ ይበልጣል። እዚያ ጥበብ የነበረው እዚህ ሲመጣ ሊያከስር ይችላል። ያባቴ ሙያ እውነት ነው፤ የሰዓቱ ዋጋ ነው የተለወጠው።

የሚገርመው ነገር ዳውንታውን ላስ ቬጋስም የባቡር ልጅ መሆኗ ነው። የተወለደችው የባቡር ኩባንያው ሜይ 15 ቀን 1905 መሬቱን በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ነው። ዛሬ ፍሪሞንት ጎዳና ጫፍ ላይ ፕላዛ ሆቴል የቆመበት ቦታ የባቡር ጣቢያው ነበር። ከ1922ቱ የሠራተኞች አድማ በኋላ ወደ ካልየንቴ እስኪዛወር ድረስ ባቡሮቹ የሚጠገኑበት ወርክሾፕም እዚሁ ነበር። ሁለቱም ከተሞቻችን ሞተር በመጠገን እንጀራ የበሉ ናቸው ማለት ነው። የድሬዳዋው አሮጌ ሐዲድስ መጨረሻው ምን ሆነ? ለብዙ ዓመታት ተገቢውን እንክብካቤ ሳያገኝ ቆየ፤ ኋላ እድሳት ተሞክሮ ግቡን ሳይመታ ቀረ፤ በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከቻይና በተገኘ ብድር የተሠራ ነውና ዕዳውም አብሮት መጣ። አገርም ሆነ ግለሰብ ትንሹን ጥገና ለነገ ሲያሳድር፣ መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ምርጫ ከውድ ጥገናና ከአዲስ ዕዳ አንዱ ነው።

ወረቀትና እርሳስ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቡና አፍልታ፣ እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥን። ከሦስት ጋራዥ የተሰበሰበውን ዋጋ ጻፍነው።

አንደኛ፣ የራሱን ሞተር ፈትቶ ማደስ፦ 4,600 ዶላር፤ ከተከፈተ በኋላ ሌላ ጉዳት ቢገኝ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ሞተር ከጃንክ ያርድ አስመጥቶ መግጠም፦ 3,400 ዶላር፤ ዋስትናው 90 ቀን፣ እሱም ለሞተሩ ብቻ። ሦስተኛ፣ በፋብሪካ የታደሰ ሞተር፦ 5,800 ዶላር፣ ከሦስት ዓመት ዋስትና ጋር። አራተኛ፣ አዲስ መኪና በብድር፦ 2,000 ዶላር ቅድሚያ፣ ከዚያ በወር 415 ዶላር ለ72 ወር፤ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ስለሚያስገድድ በዚያ ላይ በወር 140 ዶላር ጭማሪ። 415 እና 140 ሲደመር በወር 555 ዶላር ነው። ለስድስት ዓመት!

ከነዚህ ጎን ደግሞ ሌላ ሁለት ቁጥር ጻፍን። መኪናው ቢድን ገበያ ላይ የሚያወጣው 6,000 ዶላር አካባቢ፤ እንዳለ ቢሸጥ 1,000 ዶላር አካባቢ። ሦስተኛው ምርጫ፣ ማለትም 5,800ው፣ እዚህ ላይ ወደቀ። የመኪናውን ሙሉ ዋጋ በመኪናው ላይ ማፍሰስ የሚያዋጣው ቀሪው አካሉ የታወቀና የተጠበቀ እንደሆነ ነው። ዘይቱ የተረሳ መኪና ደግሞ የካምቢዮው ዘይትም፣ የራዲያተሩ ውኃም፣ ፍሬኑም የተረሳ ነው። አንዱን ረስቶ ሌላውን ያስታወሰ ሾፌር እኔ አላየሁም።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሲነጻጸሩ ያገለገለው ሞተር ይረክሳል። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ የማታውቁትን ሰው ቸልተኝነት በገንዘባችሁ ትገዙ ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣና ስንት ማይል እንደሄደ በጽሑፍ ጠይቁ። የቴስታታውን የላይ ክዳን ወይም የዘይት መሙያውን አስከፍታችሁ በባትሪ እዩ፤ ውስጡ ቡናማና ንጹሕ ከሆነ ደህና፣ ሬንጅ የመሰለ ጭቃ ካለበት እዚያው ተዉት። ዋስትናውም ሞተሩ ቢበላሽ ማውረጃና መስቀያውን ይጨምር እንደሆነ አስጽፉ። ሞተር ብቻ ተተክቶላችሁ ለጉልበት እንደገና 2,000 ዶላር ብትጠየቁ ዋስትና አይባልም።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ አለች፦ ይህ ገንዘብ ስንት ወር ይገዛል? 3,400 ዶላር የወጣበት አሮጌ መኪና ሁለት ዓመት ቢያገለግል በወር ወደ 142 ዶላር መጣ ማለት ነው። ከ555ቱ ጋር ሲተያይ እጅግ ይሻላል። ለአብዛኛው አንባቢ፣ በተለይ መኪናው የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው፣ መልሱ ይኸው ይመስለኛል፦ ታሪኩ የታወቀ ያገለገለ ሞተር፣ ዋስትናው በጽሑፍ።

ልጅቷ ግን ወረቀቱን ዝም ብላ አይታ «ጋሼ፣ ከነዚህ ሁሉ እናቴ የትኛው ላይ ነው ያለችው?» አለችኝ። የትኛውም ላይ አልነበሩም። 3,400ውን ከከፈለች ለገና መሄዱ ቀረ። ሞተር አንድ ዓመት ቢጠብቅ ዝገት ቢጨምር ነው። ዓይንና ዕድሜ ግን እንዲያ አይጠብቁም።

ይሉኝታ

ስለዚህ አምስተኛ መስመር ጻፍን፦ አለመጠገን፣ አለመለወጥ።

በሄንደርሰን ወይም በሰመርሊን ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ ነው። እሷ ግን ዳውንታውን ነው የምትኖረው። ከቤቷ እስከ ሥራዋ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ልጁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወስደዋል። የቦነቪል አውቶቡስ ማዕከል ቅርቧ ነው፤ ዱስ የሚባለው አውቶቡስም ከዳውንታውን እስከ ስትሪፕ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ወሩም ሴፕቴምበር እያለቀ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን ከተማችን 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ በታሪኳ ያልታየ ሙቀት መዝግባ ነበርና፣ ሞተሩ በጁላይ ቢሆን የቆመው ምክሬ ሌላ በሆነ። ከኦክቶበር እስከ ማርች ግን የላስ ቬጋስ አየር ለእግረኛ የተሰጠ ጸጋ ነው።

ቁጥሩን ሠራነው። ለኢንሹራንስና ለቤንዚን በወር 285 ዶላር ታወጣ ነበር። የአውቶቡስ ካርድና አልፎ አልፎ የኡበር ወጪ ተቀንሶ በወር ወደ 180 ዶላር ይተርፋታል። በአምስት ወር 900 ዶላር ነው። መኪናውን ደግሞ ራሱ ሞተር ለመለወጥ የሚችል ሰው በ1,100 ዶላር ገዛት። ሞተሩ ነክሶ ቢሆን ኖሮ ይህን አይሰጥም ነበር፤ ያኔ ቶሎ ማጥፋቷ እዚህ ላይ ዋጋ አወጣ። ሁለቱ ሲደመር 2,000 ዶላር። ጉዞው ዳነ።

አስቸጋሪው ነገር ከቁጥሩ ውጪ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል? አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖሬ በእግሬ ስሄድ?» አለች። አዎን፣ ይባላል። አንዳንዱ ከመኪናው መስኮት ዝቅ ብሎ «ምነው፣ መኪናሽስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይሰማ አረንጓዴ ይበራለታል። በየፓርኪንጉ ከቆሙት አዳዲስ መኪኖች ስንቶቹ በይሉኝታ የተገዙ እንደሆኑ ባለቤቶቻቸው ያውቁታል። ይሉኝታ ወርሃዊ ክፍያ ቢኖረው 555 ዶላር ይሆን ነበር።

ደግነቱ ሰው ክፉ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ አስቤዛ የሚያደርሷት ሁለት ጎረቤቶች ተገኙ፤ እሑድ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ። አሥራ አምስት ሆነው በየወሩ 300 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ ነበራቸው፤ ጉዳዩ ሲሰማ የዕቁቡ ዳኛና አባላቱ የማርቹ ዕጣ ለሷ እንዲሆን ተስማሙ። 4,500 ዶላር ያለ ወለድ ማለት ነው። ባንክ ቢሆን ይህን ለማድረግ ስንት ወረቀት ያስፈርማት ነበር!

ለገና ሄደች። የእናትየው አንድ ዓይን ታከመ፤ ፋሻው በተነሣ ጊዜ የልጅ ልጃቸውን «ና ወደ ብርሃኑ» ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ እንዳዩት ነገረችኝ። ተመልሳ በማርች 2025 ዕቁቡን ተቀበለችና በ5,200 ዶላር የ2012 ያገለገለ መኪና ገዛች። ከመግዛቷ በፊት መካኒክ አስመረመረች፤ የዘይት ለውጡን ደረሰኞችም ጠይቃ አየች። ይህን ሁሉ አጎት አላስተማራትም፤ የከፈለችው 180 ዶላር ነው ያስተማራት።

ለሌላው ወገን

በመጨረሻ ጥቂት ሕግና ልማድ ላስታውስና ላብቃ።

በኔቫዳ የተመዘገበ ጋራዥ ሁሉ የደንበኛውን መብት የሚዘረዝር ሰሌዳ መስቀል አለበት። አንብቡት። ከ50 ዶላር በላይ ለሆነ ጥገና በጽሑፍ የተገመተ ዋጋ የማግኘት መብት አላችሁ። ሥራው ተጀምሮ ጭማሪ ቢመጣ፣ ጭማሪው ከተገመተው 20 በመቶ ወይም ከ100 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው ካለፈ፣ እናንተ ሳትፈቅዱ መቀጠል አይችሉም። ዋስትና የማይመለከተው የተቀየረ ዕቃም ከጠየቃችሁ ይመለስላችኋል። «አሮጌውን ዕቃ እፈልገዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ ሥራው መሠራቱን የምታውቁበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛው ያስቸገረው ሰው የሚያስረዳለት ይዞ ይሂድ እንጂ ያልገባው ወረቀት ላይ አይፈርም።

መኪና የምትሸጡ ከሆነ በኔቫዳ ታርጋው የሻጩ ነው፤ ፈታችሁ አስቀሩት። ምዝገባውን ሳታሰርዙ ኢንሹራንሱን አታቋርጡ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ቆሞ የሚከርም መኪናም ቢሆን እንደዚሁ ነው። በአገር ቤት ቦሎ እንደምንለው ሁሉ እዚህም የስሞግ ምርመራ አለ፤ የ1996ና ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ እየበራ ስለማያልፍ፣ «ትንሽ ልንዳው» የሚለው ሃሳብ ምዝገባ እስኪታደስ ድረስ ብቻ ነው የሚያዛልቀው።

ዘይቱን በተመለከተ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። መኪናው ቀዝቅዞ ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ኮፈኑን ከፍቶ መለኪያ ዘንጉን መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከትቶ ማየት። ከታችኛው ምልክት ከወረደ መጨመር። በየሳምንቱ አንድ ቀን መምረጥ ይበቃል። እሷ እሑድን መርጣለች፤ ልጁ ዘንጉን ይመዝዛል፣ እሷ ታነባለች። የተለወጠበትን ቀንና ማይልም በትንሽ ደብተር ጽፋ መኪናው ውስጥ አኑራዋለች፤ ነገ መኪናውን የምትሰጠው ወይም የምትሸጥለት ሰው እንዳይቸገር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማስላት። ቸር ያሰማን።